የሳተላይት ቤዝማፕ ለካርታ ሥራ፦ የመጀመሪያውን መስመር ከመሳላችሁ በፊት እና በኋላ

ብዙ ሰው ቤዝማፑን (ካርታ ሲሠራ ከሥር የሚነጠፈውን የሳተላይት ምስል) ይከፍታል፣ ቤቶቹ ቁልጭ ብለው ይታዩታል፣ ወዲያው መሳል ይጀምራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጂፒኤስ ነጥቦቹን ሲጭንበት መንገዱ ቤት መሀል ያልፋል፣ የውሃ ጉድጓዱም ከግቢው ውጭ ወድቆ ይገኛል። እኔም ደርሶብኛል። ከ600 በላይ ቤት 9 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ባለ ምስል ላይ ስዬ ነበር። የባሰው ደግሞ ግማሹን በአንድ ምስል፣ ግማሹን በሌላ መሳሌ ነው። የትኛው ቤት ከየትኛው ምስል እንደመጣ ስላልመዘገብኩ በጅምላ ማንቀሳቀስ እንኳ አልተቻለም። አንድ በአንድ አረምኩት።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ ምስል ጥርት ማለቱና ቦታው ላይ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። 30 ሳንቲሜትር የሚያሳይ ምስል 8 ሜትር ስቶ ሊቀመጥ ይችላል። ሲያዩት ግን ምንም ስህተት ያለበት አይመስልም። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱ። በተለይ 4ኛውንና 5ኛውን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ኮምፒውተራችሁ ላይ ይጫን። ነፃ ነው። የምትሠሩት ሰዎች በጋራ ለሚሠሩት ክፍት ካርታ ለኦፕንስትሪትማፕ ከሆነ የእሱ መሳያ ሶፍትዌሮች ጆስም ወይም አይዲ ይበቃችኋል።
- የምትሠሩበት አካባቢ ወሰን በፖሊጎን (በተዘጋ ቅርጽ) ይሳልና ሴቭ ይደረግ። ግምታዊ ቢሆንም ግድ የለም።
- ከዚያው አካባቢ የተገኘ የጂፒኤስ ትራክ ወይም በመስክ የተለኩ ነጥቦች ይኑሩ። ከሌለ ደረጃ 5 ላይ መውጫውን እነግራችኋለሁ።
- አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ። የምስሉ ምንጭ፣ ቀኑ፣ ፈቃዱ፣ የተንሸራተተበት መጠን እዚህ ይጻፋል። በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ አትበሉ።

ደረጃ 1፦ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ወስኑ

"ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል እፈልጋለሁ" ማለት አይበቃም። የምትስሉት ትንሹ ነገር ምንድን ነው? አንድን ነገር በልበ ሙሉነት ለመሳል ቢያንስ ጥቂት ፒክስል በወርዱ ሊይዝ ይገባል። አንድ ፒክስል ብቻ ከያዘ መኖሩን ትጠረጥራላችሁ እንጂ ቅርጹን አታዩትም።

የላንድሳት ሳተላይት ምስል አንዱ ፒክስል መሬት ላይ 30 ሜትር ነው። ሴንቲኔል-2 በሚታየው ብርሃን 10 ሜትር ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለደን፣ ለሐይቅ ዳርቻ፣ ለትልልቅ እርሻ፣ ለከተማ መስፋፋት ጥሩ ናቸው። 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ግን ሴንቲኔል-2 ላይ አንድ ፒክስል እንኳ አይሞላም። ፕላኔት የሚያነሳቸው ዕለታዊ ምስሎች 3 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ትልልቅ ጣራዎችን ያሳያሉ፣ ትንንሾቹን ግን ያዋህዷቸዋል። ቤት በቤት፣ አጥር በአጥር ለመሳል 50 ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ የተሻለ ያስፈልጋል። እንደ ወርልድቪው-3 እና ፕሌያድ ኒዮ ያሉት ሳተላይቶች ወደ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቁጥሩን ትርጉም ጠይቁ። ወርልድቪው-3 31 ሳንቲሜትር የሚያየው በጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለሙን የሚያነሳው በ1.24 ሜትር ነው። ሁለቱ በሶፍትዌር ተዋህደው ነው ባለቀለሙ ጥርት ያለ ምስል የሚወጣው። ይህ የተለመደና ጥሩ አሠራር ነው። ምስሉን በሶፍትዌር አጉልቶ ያልነበረ ዝርዝር እንዳለው አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። የተጎላ ምስል ለዓይን ይመቻል፣ አዲስ መረጃ ግን አይጨምርም።

ዙሙን ከሬዞሉሽን (አንድ ፒክስል ከሚሸፍነው መጠን) ጋር አዛምዱት

በድር ላይ የሚቀርቡ ቤዝማፖች 256 በ256 ፒክስል ወደሆኑ ታይሎች (ትንንሽ የምስል ቁራጮች) የተቆረጡ ናቸው። ምድር ወገብ ላይ በዙም 14 አንድ ፒክስል 9.5 ሜትር ያህል ነው፣ በዙም 17 1.2 ሜትር፣ በዙም 18 60 ሳንቲሜትር፣ በዙም 19 30 ሳንቲሜትር። ስለዚህ ሴንቲኔል-2ን ከዙም 14 በላይ ማጉላት የሚያመጣው ብዥታ ብቻ ነው። 50 ሳንቲሜትር ምስል ላይም ዙም 21 ድረስ ገብታችሁ የቤት ጥግ አትፈልጉ፤ እዚያ የምታዩት ጥግ ሶፍትዌሩ የፈጠረው ነው።

ደረጃ 2፦ ፈቃዱን አንብቡ

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለወራት የተሠራ ካርታ በዚህ የተነሳ ሊሰረዝ ይችላል።

ምስሉን ማየት መቻላችሁ ከእሱ ላይ ለመሳል ተፈቅዶላችኋል ማለት አይደለም። ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ ማየት ይፈቀዳል ወይ? ከእሱ ላይ ስዬ ያወጣሁትን ዳታ ማተምና ማሰራጨት ይፈቀዳል ወይ? ምስሉን አውርጄ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይፈቀዳል ወይ?

ለኦፕንስትሪትማፕ የምትሠሩ ከሆነ ከጉግል ካርታና ከጉግል ኧርዝ ምስል ላይ መሳል አይቻልም። የማይክሮሶፍቱ ቢንግ ከ2010 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ፈቅዷል። ኤስሪ የተባለው የካርታ ሶፍትዌር ድርጅት የሚያቀርበው ወርልድ ኢሜጀሪም ይፈቀዳል። ቀላሉ መንገድ አይዲ ወይም ጆስም ውስጥ ተዘርዝረው ከምታገኟቸው ምስሎች መምረጥ ነው፤ እነዚያ ለኦፕንስትሪትማፕ ሥራ የተፈቀዱ ናቸው። በድሮን የተነሱ ክፍት ምስሎችን ኦፕንኤሪያልማፕ ላይ ፈልጉ፤ ለአንዳንድ ቦታ ከሳተላይቱ በብዙ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ፈቃዱ ግልጽ ካልሆነ ባለቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። በስልክ "ችግር የለውም" የተባላችሁት ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቤዝማፑን ኪውጂአይኤስ ውስጥ አስገቡ

1. ብራውዘር የሚለውን ፓነል ክፈቱ። "ኤክስዋይዚ ታይልስ" የሚለው ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉና "ኒው ኮኔክሽን" ምረጡ።
2. ስም ስጡት። "ሳተላይት" ብቻ አትበሉት፤ የሰጪውን ስምና የጨመራችሁበትን ወር ጻፉበት።
3. ምስሉን የሚያቀርበው ድርጅት የሰጣችሁን አድራሻ ለጥፉ። አድራሻው ውስጥ ሦስት የላቲን ፊደላት በጥምዝ ቅንፍ ገብተው ታያላችሁ፦ ዜድ ዙሙ ነው፣ ኤክስ ዓምዱ፣ ዋይ ረድፉ። ቅንፎቹን አትንኳቸው። የሦስቱን ቅደም ተከተልም ራሳችሁ አትቀይሩ፤ አንዳንዱ ሰርቨር ዋይን ከኤክስ ያስቀድማል።
4. የመጨረሻውን ዙም ሙሉ። ሰጪው 19 ካለ 19 ጻፉ። ይህን ባዶ የሚተው ሰው ነው ዞሮ "ምስሉ ጠፋብኝ" የሚለው።
5. ኦኬ በሉና ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ወደ ካርታው አምጡት። ሌየሩን (የካርታውን ንብርብር) ከሁሉም በታች አድርጉት።

ካልመጣስ?

ሁሉም ነጭ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ወሰናችሁ ፖሊጎን አጉሉ፤ ብዙ ጊዜ ካርታው ውቅያኖስ መሀል ቆሞ ነው። አሁንም ነጭ ከሆነ አድራሻው መጨረሻ ላይ ሲቀዳ የገባ ባዶ ቦታ ወይም የጎደለ ፊደል ካለ እዩ።

403 ወይም 401 የሚል ስህተት ከመጣ ሰርቨሩ ከልክሏችኋል ማለት ነው። የመጠቀሚያ ቁልፉ አልገባም፣ ጊዜው አልፏል ወይም ኮታችሁ አልቋል። 404 ከሆነ ደግሞ በዚያ ዙም ለዚያ ቦታ ታይል የለም፤ የመጨረሻውን ዙም በአንድ ቀንሱና ሞክሩ። አንዳንድ ሰርቨር ስህተት በማሳየት ፈንታ "ዳታ የለም" የሚል ግራጫ ታይል ይልካል። መፍትሔው አንድ ነው፣ ዙሙን ቀንሱ።

ምስሉ መጥቶ ግን ታይሎቹ ተዘበራርቀው፣ የሰሜኑ ደቡብ ላይ ከታየ ረድፉ የሚቆጠርበት አቅጣጫ ተገልብጧል። አንዳንዱ ሰርቨር ከላይ፣ አንዳንዱ ከታች ነው የሚቆጥረው። ኪውጂአይኤስ ውስጥ ቅንፉ ውስጥ ከዋይ ፊት የመቀነስ ምልክት ጨምሩ፣ ይስተካከላል።

ደረጃ 4፦ ምስሉ መቼ እንደተነሳ እወቁ

ቤዝማፕ አንድ ፎቶ አይደለም። በተለያየ ቀን፣ አንዳንዴም በተለያየ ዓመት የተነሱ ምስሎች ተሰፍተው የተሠራ ነው። ስፌቱ አንድ ሰፈር መሀል ሊያልፍ ይችላል። ወዲህ ማዶ አዲሱ መንገድ ይታያል፣ ወዲያ ማዶ ያው መንገድ ገና እርሻ ነው።

ቀኑን እንዲህ ፈልጉ። አይዲ ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የቢ ቁልፍን አንድ ላይ ስትጫኑ የበስተጀርባ ምስሉ መረጃ ይከፈታል፤ ለቢንግና ለኤስሪ የተነሳበትን ጊዜ ያሳያችኋል። ጆስም ላይ ታይሉን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የታይሉን መረጃ ክፈቱ። ለኤስሪ ምስል ዌይባክ የሚባል ማኅደር አለ፤ ከ2014 ጀምሮ የወጡትን የቤዝማፑን እትሞች ያሳያል።

ዌይባክ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጎን የተዘረዘረው ቀን እትሙ የወጣበት ቀን ነው። ምስሉ የተነሳው ከዚያ ዓመታት ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ካርታው ላይ የምትፈልጉትን ነጥብ ክሊክ አድርጉና የተነሳበትን ቀን እዩ። አንድ ነጥብ ብቻ አይበቃችሁም። የወሰናችሁን አራት ጥግና መሀሉን ክሊክ አድርጉ። አምስቱም አንድ ቀን ከሆኑ እሰየው። ካልሆኑ ስፌቱ የት እንደሚያልፍ ፈልጉና በመስመር ምልክት አድርጉበት።

ቀን የማይነግር ምንጭ ካጋጠማችሁ የምታውቁትን ነገር ፈልጉበት። መቼ እንደተሠራ የምታውቁት ድልድይ፣ ትምህርት ቤት ወይም አደባባይ ካለ፣ ምስሉ ላይ መኖር አለመኖሩ ይነግራችኋል። ሴንቲኔል-2ም እዚህ ይጠቅማል። ትልቅ ግንባታ በ10 ሜትርም ቢሆን ይታያል፣ የእሱ ቀን ደግሞ በትክክል ይታወቃል።

አሮጌና አዲስ ምስል ካላችሁ አዲሱ ሁልጊዜ ይሻላል ብላችሁ አትደምድሙ። አዲሱ ደመና ያለበት፣ ጭጋግ የሸፈነው ወይም በጣም ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። እኔ ቅርጹን ጥርት ባለው አሮጌ ምስል ላይ እስላለሁ፤ ከዚያ አዲሱን ከፍቼ የፈረሰውን አወጣለሁ፣ የተጨመረውን እጨምራለሁ።

ደረጃ 5፦ ምስሉ ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ለኩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ የሚያድነው ግን የሳምንታት ድካም ነው።

ምስሉ ለምን ይንሸራተታል? ሳተላይቱ ብዙ ጊዜ የሚያየው ከቀጥታ ላይ ሳይሆን ከጎን አዘንብሎ ነው። ምስሉን መሬት ላይ ለማስቀመጥ የመሬቱ ከፍታ መታወቅ አለበት። የከፍታ ዳታው ከተሳሳተ ምስሉ ወደ ጎን ይገፋል። ሳተላይቱ 30 ዲግሪ አዘንብሎ ካነሳና ከፍታው በ10 ሜትር ከተሳሳተ ግፊቱ መሬት ላይ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ተራራማ ቦታ ላይ ነገሩ የሚብሰው ለዚህ ነው። ሜዳው ላይ ልክ የሆነ ምስል ዳገቱ ላይ ሌላ ይሆናል።

አለካኩ

1. የጂፒኤስ ትራኮቻችሁን ምስሉ ላይ ጫኑ። አንድ ትራክ ብቻ አትመኑ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት እንኳ ወደ 5 ሜትር ይሳሳታል። በአንድ መንገድ ላይ ሲሄዱና ሲመለሱ የተመዘገቡ ብዙ ትራኮች ካሉ መሀላቸውን ውሰዱ።
2. ምስሉ ላይ ጥርት ብለው የሚታዩ፣ መሬት ላይ ጠፍጣፋ የሆኑ ነገሮችን ምረጡ። መስቀለኛ መንገድ፣ የኳስ ሜዳ ጥግ፣ የአስፋልት መታጠፊያ ጥሩ ናቸው። የፎቅ ጣራ፣ የዛፍ ጫፍ፣ የውሃ ታንከር ማማ አይሆኑም፤ ከፍታ ስላላቸው ራሳቸው ያዘነብላሉ።
3. ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ለኩ፤ ተራርቀው ይሁኑ፣ አንዱ ከፍ ባለ መሬት ላይ ይሁን። በእያንዳንዱ ላይ ምስሉ ስንት ሜትር ወደ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ፣ ስንት ሜትር ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ እንደሄደ ጻፉ።
4. ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ምስሉን በአንድ መጠን ማንቀሳቀስ ይበቃል። ከተራራቁ አካባቢውን ከፋፍሉት፤ ሜዳው ለብቻ፣ ዳገቱ ለብቻ፣ ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ ለብቻ።

የመጀመሪያው ነጥብ ብቻ የሚበቃ ይመስላችኋል። አንድ ጊዜ መስቀለኛው ላይ ትራኩ ቁጭ ብሎ አስፋልቱ መሀል አገኘሁትና ደስ ብሎኝ ልጀምር ስል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ያለውን ድልድይ አየሁ። ትራኩ ከድልድዩ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይሄዳል። መሀል ላይ ስፌት ነበር።

አስተካክሉ

አይዲ ላይ የቢ ቁልፍን ተጫኑ፣ ከታች ምስሉን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ክፈቱና ከትራኩ ጋር እስኪገጥም ጎትቱት። ጆስም ላይ ኢሜጀሪ ሜኑ ውስጥ አዲስ ኦፍሴት የሚለውን ተጠቀሙ፤ ስም ሰጥታችሁ ካስቀመጣችሁት ነገም ታገኙታላችሁ። ከሌሎች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሁሉም ሰው ያንኑ ቁጥር ይጠቀም። አንዱ አስተካክሎ ሌላው ሳያስተካክል ከሳለ ካርታው ሁለት ይሆናል።

ኪውጂአይኤስ ውስጥ የድር ታይልን በቀላሉ መግፋት አይቻልም። እዚያ ምስሉ እንዳለ ሆኖ ሳሉ፣ ሲያልቅ የሳላችሁትን ሌየር "ትራንስሌት" በሚለው መሣሪያ በለካችሁት መጠን መልሱት። ይህ የሚሠራው ሁሉም ከአንድ ምስል ከተሳለ ብቻ ነው። የእኔን 600 ቤቶች አስታውሱ።

ጂፒኤስ ከሌላችሁ

ሁለትና ሦስት የተለያዩ ቤዝማፖችን አንድ ቦታ ላይ አነጻጽሩ። ሦስቱ ከተስማሙ ጥሩ ምልክት ነው። አንዱ ብቻውን ከወጣ እሱን ተዉት። የትኛውም ካልገጠመ ቀድሞ በጥንቃቄ የተሠራ ካርታ ካለ ከእሱ ጋር አስማሙ፤ ቢያንስ የእናንተ ሥራ ከነባሩ ጋር አይጋጭም። እንዲህ ያደረጋችሁ መሆኑን ግን ፋይላችሁ ላይ ጻፉ።

ያለውን ካርታ ምስሉን ለማስገጠም ብላችሁ አትግፉ። ስህተቱ የምስሉ ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ የሳለው ሰው አስተካክሎ ሠርቶ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ጣራውን ሳይሆን መሠረቱን ሳሉ

ከፍ ያለ ሕንፃ ምስሉ ላይ ይጋደላል። 30 ሜትር የሚረዝም ፎቅ ሳተላይቱ በ25 ዲግሪ ካየው ጣራው ከመሠረቱ 14 ሜትር ርቆ ይታያል። ጣራውን ስላችሁ ከተዋችሁት ሕንፃውን ጎረቤት ግቢ ውስጥ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። የጣራውን ጥግ ተከትላችሁ ሳሉ፣ ቅርጹ ጥርት ብሎ የሚታየው እሱ ነውና። ማዕዘኖቹን በአራት ማዕዘን ማስተካከያው አቅኑ። ከዚያ ሙሉውን ቅርጽ ይዛችሁ ግድግዳው መሬት ወደሚነካበት ቦታ አውርዱት። ግድግዳው የሚታየው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ የዚያን ወገን ግርጌ ፈልጉ።

ጥላን ከግድግዳ ለዩ። ጥላ ወጥ ጥቁር ነው፣ ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል ይወድቃል፣ እዚያው ቀን በተነሳ ምስል ላይ የሁሉም ሕንፃ ጥላ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ግድግዳ ግን መስኮት አለው፣ የፎቆቹ መስመር ይታያል። ግራ ከገባችሁ አጠገቡ ያለውን የመብራት ምሰሶ ወይም ብቻውን የቆመ ዛፍ እዩ፤ የጥላው አቅጣጫ ወዲያው ይገባችኋል።

ፎቅ የሌላቸው ቤቶች ላይ ይህን ያህል አትጨነቁ። 3 ሜትር የሚረዝም ቤት በ20 ዲግሪ የሚጋደለው አንድ ሜትር ያህል ነው።

ደረጃ 7፦ በድር ፕሮጀክሽን አትለኩ

የድር ቤዝማፖች በዌብ መርካቶር ነው የሚቀርቡት፤ ኮዱ 3857 ነው። ይህ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስቀመጫ ዘዴ) ከምድር ወገብ በራቃችሁ ቁጥር ነገሮችን ያሰፋል። 60 ዲግሪ ላይ ርዝመት እጥፍ ይሆናል፣ የቦታ ስፋት አራት እጥፍ። 45 ዲግሪ ላይ ስፋት ሁለት እጥፍ ነው። አንድ ሄክታር የሆነ እርሻ ሁለት ሄክታር ተብሎ ሪፖርት ላይ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ስትስሉ ፕሮጀክቱን 3857 ላይ አድርጉት፤ ምስሉ ሳይዛባ፣ ሳይደበዝዝ ይታያል። የምታስቀምጡት ሌየር ግን የአካባቢያችሁ ዩቲኤም ዞን (በሜትር የሚለካ የአካባቢ ፕሮጀክሽን) ይሁን፤ ስፋትና ርዝመትን ከእሱ ላይ አስሉ። በደረጃ 5 ፈቀቅታውን ስትለኩም፣ ሌየሩን ስትመልሱም በዩቲኤም ይሁን።

ደረጃ 8፦ የራሳችሁ የምስል ፋይል ካለ

የተገዛ ወይም የተሰጣችሁ ጂኦቲፍ (ቦታው አብሮ የተመዘገበበት የምስል ፋይል) ካለ መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ሌላ ቦታ ቅዱ። የምትነኩት ቅጂውን ብቻ ነው።

መጠኑን ተዘጋጁበት። 10 በ10 ኪሎ ሜትር በ50 ሳንቲሜትር 400 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ በሦስት ቀለም ሳይታመቅ 1.2 ጊጋባይት ይሆናል። በ30 ሳንቲሜትር ከ3 ጊጋባይት ያልፋል። ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ የሌየሩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና "ፒራሚድስ" ከሚለው ውስጥ ትንንሽ ቅጂዎቹን አሠሩ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ምስሉ ጥቁር ሆኖ ከመጣ አልተበላሸም። ባለ 16 ቢት ስለሆነ ነው፤ ሲምቦሎጂ ውስጥ ገብታችሁ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ከ2 እስከ 98 ፐርሰንት በሚለው አስተካክሉ። ዛፎቹ ቀይ ከሆኑ ለዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ ባንድ በቀይ ቦታ ገብቷል። ብዙ ባለ አራት ባንድ ምስሎች ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ኢንፍራሬድ በሚል ቅደም ተከተል ይመጣሉ፤ ለቀይ 3ኛውን፣ ለአረንጓዴ 2ኛውን፣ ለሰማያዊ 1ኛውን ስጡ።

ምስሉ ጭራሽ ቦታ ከሌለው ጂኦሪፈረንሰር (ምስሉን በነጥቦች ቦታው ላይ የሚያስቀምጠውን የኪውጂአይኤስ መሣሪያ) ተጠቀሙ። ለቀላሉ ስሌት ሦስት ነጥብ ይበቃል ቢባልም እኔ ከስምንት በታች አልሠራም። ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ ስህተት የሌለ ያስመስላል፤ ስህተቱን የሚያሳያችሁ ተጨማሪው ነጥብ ነው። ነጥቦቹን መሀል ላይ አታከማቹ፣ ወደ ጥጎቹ በትኗቸው። አንዱ ነጥብ ከሌሎቹ በብዙ የበለጠ ስህተት ካሳየ ከመሰረዛችሁ በፊት ተመልከቱት፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መስቀለኛ መንገድ ተነክቶ ነው።

ደረጃ 9፦ ለመስክ ያለ ኢንተርኔት አዘጋጁ

መጀመሪያ ፈቃዱን እንደገና እዩ። ብዙ ሰጪዎች ታይሎችን በጅምላ ማውረድ ይከለክላሉ። የራሳችሁ ምስል ወይም ማውረድ የሚፈቅድ ምንጭ ከሆነ ቀጥሉ።

ፕሮሰሲንግ ቱልቦክስ ውስጥ ታይሎችን ወደ ኤምቢታይልስ (ታይሎቹን ሁሉ በአንድ ወደሚይዝ ፋይል) የሚያወጣውን መሣሪያ ክፈቱ። ወሰኑን ከፖሊጎናችሁ ስጡት፣ የመነሻና የመድረሻ ዙሙን ሙሉ፣ ቅርጹን ጄፔግ አድርጉት። ፒኤንጂ ለሳተላይት ምስል ፋይሉን ያለ ጥቅም ያሳብጠዋል።

የመድረሻው ዙም ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ዙም በጨመራችሁ ቁጥር የታይሉ ብዛት አራት እጥፍ ይሆናል። ምድር ወገብ አካባቢ ለ10 በ10 ኪሎ ሜትር ዙም 18 ወደ 4,300 ታይል ነው፣ ዙም 19 ወደ 17,000፣ ዙም 20 ወደ 68,000። አንዱ ታይል 20 ኪሎባይት ቢሆን ዙም 18 ብቻውን 86 ሜጋባይት ይሆናል፣ ዙም 20 ግን 1.4 ጊጋባይት ያህል። መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ሞክሩ። ስልኩ ላይ ጭናችሁ ኪውፊልድ በተባለው የመስክ አፕ ውስጥ ክፈቱት፣ ከዚያ ሙሉውን አውጡ።

ከመውጣታችሁ በፊት ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ አድርጉና የምትሄዱበትን ቦታ ሁሉ በጣታችሁ ዙሩት። ባዶ ታይል ካለ ቢሮ ሳላችሁ ይታያችኋል። ኢንተርኔቱ ሳይጠፋ መሞከር ሙከራ አይደለም፤ ስልኩ ከድር እያመጣ ያታልላችኋል።

ደረጃ 10፦ ስትስሉ ምንጩን አብራችሁ መዝግቡ

በሌየራችሁ ላይ ሦስት ዓምድ ጨምሩ፦ የምስሉ ምንጭ፣ ምስሉ የተነሳበት ቀን፣ የተጠቀማችሁት ማስተካከያ። በየቅርጹ መጻፍ አያስፈልግም። ኪውጂአይኤስ ላይ ነባሪ ዋጋ (ዲፎልት) ስጡት፣ ራሱ ይሞላል። ምስል በቀየራችሁ ቁጥር ነባሪውን ቀይሩ።

ይህ የሚጠቅመው ሰጪው ቤዝማፑን ሥራ መሀል ላይ ሲያድሰው ነው። አይነግራችሁም። አንድ ጠዋት ትከፍታላችሁ፣ ትናንት የሳላችሁት ሁሉ ከጣራዎቹ ወርዶ ይታያችኋል። ያኔ አንድም ቅርጽ አትንኩ። በፊት የለካችሁባቸውን ሦስት ቦታዎች ሄዳችሁ እንደገና ለኩ። ትራኩ ከአዲሱ ምስል ጋር ካልገጠመ የተንሸራተተው ምስሉ ነው፤ አዲሱን ማስተካከያ መዝግቡና ቀጥሉ። ትራኩ ከአዲሱ ጋር ገጥሞ የእናንተ ሥዕል ብቻ ከወጣ ግን የቀድሞው ማስተካከያችሁ ስህተት ነበረበት፤ በዚያ ምንጭና በዚያ ቀን የተመዘገቡትን ብቻ መርጣችሁ በአንድ ጊዜ መልሷቸው።

ኤስሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ሌላም መውጫ አላችሁ። ዌይባክ ላይ የቀድሞውን እትም አግኝታችሁ አድራሻውን ኪውጂአይኤስ ውስጥ አስገቡና የጀመራችሁትን በጀመራችሁበት ምስል ጨርሱ። ወደ አዲሱ የምትሻገሩት የያዛችሁት ክፍል ሲያልቅ ይሁን።